የጨንቻ አፕል በቱሉ ዲምቱ

ጥቅምት ሲገባ ቱሉ ዲምቱ ሌላ ሰፈር ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ጫማ ይዞ አልለቅም ሲል የከረመው ጥቁር አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ከኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች ማዶ በተረፉት ማሳዎች ላይ ጤፉ ማዘንበል ይጀምራል። ማታ የሚነሳው ነፋስ ከበረንዳ የተሰጣ ልብስ ገፎ ጎረቤት ደጅ ይጥላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በዚህ ብርድ ምክንያት ነው፤ እኛ ቤት ግን ጥቅምት አጥንት የሚጋጥበት ወር አይደለም። አብረውኝ የሚኖሩት አክስቴ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን ይጾማሉ። የፈቃድ ጾም ነው ቢባሉም አስታጉለውት አያውቁም።

በዚሁ ወር ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ልጆቿን ይዛ አፕል ለቀማ ትወጣለች። በሸናንዶዋ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች እርሻቸውን ለሰው ክፍት ያደርጋሉ፤ ቤተሰብ ቅርጫት ይዞ ይገባል፣ ከዛፉ ላይ በእጁ ይቀጥፋል፣ አስመዝኖ ከፍሎ ይወጣል። እኛ አደይ አበባ የምናይበት ጊዜ እነሱ ዘንድ ቅጠል የሚረግፍበትና አፕል የሚበስልበት ወቅት ነው። እህቴ በስልክ ምስሉን ስትልክ አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ትኩር ብለው ያያሉ። ባለፈው ጥቅምትም እንዲሁ አይተው ሲያበቁ፣ «እዚያ ልጅ የሚጫወትበት ፍሬ እዚህ ለምን ብርቅ ይሆናል?» አሉ።

ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። አክስቴ ስኳር አለባቸው። የሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጭማቂውን ይተዉ፣ ፍሬውን ግን በልኩ ይብሉ ብላቸዋለች። ሰፈራችን ውስጥ አፕል የሚገኘው በሚኒ ማርኬት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ፣ ተለጣፊ ምልክት ያለበት፣ በፍሬ የሚሸጥ። አክስቴ አንዱን አንስተው ያገላብጡና መልሰው ያስቀምጡታል። ስለዚህ ለሥራ አርባ ምንጭ እንደምሄድ ስነግራቸው ወዲያው አሰቡበት። «ከተራራው ላይ ይበቅላል ሲሉ እሰማለሁ። እስቲ የአገራችንን አምጣልኝ፣ ልጄ።»

«እሺ እትዬ፣ ቅርጫት ሙሉ ነው የማመጣልዎ» አልኳቸው።

አርባ ምንጭ ቆላ ናት። ሙዝና ማንጎው የሚበቅለው፣ አዲስ አበባን የሚቀልበው የሙዝ ጭነት የሚነሳው ከዚያ ነው። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የተጓዘ ሰው ግን ሌላ አገር ይገባል። አባያ ሐይቅ ከታች እየራቀ፣ የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች በእንሰት መሐል እየታዩ፣ ጉሙ እየወረደ መንገዱ ጨንቻ ላይ ያደርሳል፤ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ነው። አፕል ወደዚህ ደጋ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሚስዮናውያን እጅ ነው። ኋላም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ችግኝ እያራባች ለገበሬው ስታዳርስ ከሚስዮኑ ግቢ ወደ ገበሬው ጓሮ ተዛመተ። ችግኙ ራሱ ገበያ ሆነ፤ ብዙ የጨንቻ ገበሬ ከፍሬው ይልቅ ችግኝ አዳቅሎ በመሸጥ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል።

ፍሬውን የገዛኋቸው አዛውንት ጓሮ ውስጥ አንዱ ዛፍ ፍሬ ተሸክሟል፣ ሌላው ያብባል፣ ሦስተኛው ራቁቱን ቆሟል። ታሞ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አልታመመም ወንድሜ፤ ቅጠሉን እኔ ነኝ የሸመጠጥኩት። ይህ ዛፍ ካላረፈ አያብብም። እዚህ የሚያስተኛው በረዶ የለም፤ እኛ በእጃችን እናስተኛዋለን።»

የአፕልን ነገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። አፕል ጥንተ አገሩ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው፤ ዛሬ ካዛኪስታን በምትባለው አገር በአልማቲ ዙሪያ ባሉ ጋራዎች የዱር ዘመዶቹ አሁንም ይበቅላሉ። ከዚያ በነጋዴ ጭነት ወደ ምዕራብ ተጉዞ ዓለምን ያዳረሰው ብርድን ለምዶ ነው። ክረምት ሲመጣ ቅጠሉን አርግፎ ይተኛል፤ የብርዱን ሰዓት እንደሚቆጥር ሁሉ በቂ ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በወጉ አይፈነዳም። ብዙዎቹ ነባር ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለ1,000 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። እስራኤል ውስጥ የተገኘው አና እና ባሃማስ ውስጥ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ግን ጥቂት ብርድ ይበቃቸዋል፤ ለሞቃት አገሮች ተስፋ የሆኑትም ለዚህ ነው። የጨንቻ ገበሬ ደግሞ የጎደለውን ብርድ በጣቱ ሞላው። ቅጠል በቅጠል፣ ዛፍ በዛፍ። እኔ ይህን ሳይ ለሚኒ ማርኬቱ አፕል የነበረኝ አድናቆት ወደዚህ ጓሮ ዞረ።

አዛውንቱ ፍሬውን ከነዘንጉ እየቀጠፉ በቀርከሃ ቅርጫት ደረደሩልኝ፤ በየመሐሉ ደረቅ ሣር ጎዘጎዙበት። ፍሬው መለስተኛ ነው፤ አንዳንዱ ጠቃጠቆ አለበት፣ ጉንጩ አንድ ወገን ቀይ ሌላው አረንጓዴ ነው። ሽታው ግን ቅርጫቱን አልፎ ይመጣ ነበር። አርባ ምንጭ ስወርድ ጥሬ ሙዝም ጨመርኩበት፣ ቅርጫቱ ጥግ ላይ።

መከራው የጀመረው አላባ ቁሊቶ ላይ ነው። አውቶቢሱ ሞተሩ ሞቆ ቆመ። ረዳቱ ውኃ ጨመረ፣ ሾፌሩ ከሥር ገባ፣ መካኒክ ተጠራ፤ በመጨረሻም የተበላሸው ዕቃ ከሻሸመኔ እስኪመጣ እንደምናድር ተነገረን። ቅርጫቴ ፖርቶ መጋላው ላይ ነው፤ በላዩ አንድ ነጋዴ የበርበሬ ጆንያ አስጭኗል። አስወርድልኝ ብዬ ረዳቱን ለመንኩት፤ ሸራው ተፈትቶ፣ ጆንያው ተነስቶ ቅርጫቱ ሲወርድ የላይኞቹ ፍሬዎች ተጨፍልቀው ጠረናቸው አካባቢውን ሞላው።

ያን ሌሊት አንዲት እናት የያዘቻት ሕፃን አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሰለለ። አንድ አፕል አብሼ ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ይዛ ዝም አለች። ሌሎችም ተቀበሉኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን የእጄን አልወሰዱም።

«አይ ልጄ፣ የታማሚ አልነካም። ማን ነው የተኛብህ?»

«ማንም አልተኛም፣ አባባ። ለአክስቴ ነው።»

«እግዜር ይማርልህ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

በማግሥቱ ዕቃው መጥቶ ተነሳን። ሻሸመኔን፣ ዝዋይን፣ መቂን አልፈን ሞጆ ላይ የፍጥነት መንገዱን ያዝን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው ይህ የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መነሻው እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። የቱሉ ዲምቱ ሰው የአገሩ ጭነት ሁሉ በደጁ ሲያልፍ ያያል። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሙዙ በዚህ ይገባል። ከዚያው ከአርባ ምንጭ የተነሳ ሙዝ በየኪዮስኩ ተንጠልጥሎ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ጋራ የሚበቅለው አፕል አለመድረሱ በመንገዱ ርዝመት አይደለም። ሙዝ አሰባሳቢ አለው፣ መኪና አለው፣ የለመደው በላተኛ አለው። አፕል በየጓሮው ጥቂት ጥቂት ነው፤ የሚያሰባስበው፣ በሳጥን የሚያሽገው፣ ሳይጋጭ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል።

የመጋጨቱን ነገር ሰፈራችን አደባባይ ላይ በዓይኔ አየሁት። ክፍያውን አልፈን አደባባዩ ዘንድ ስወርድ፣ አላባ ላይ የተጎዳው የቅርጫቱ ሥር እዚያው ተዘረገፈ። አፕሉ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ቁልቁል የሚመጣ ሲኖ ትራክ በጥቂቱ ላይ አለፈ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ባጃጁን አግድሞ ከኋላ የሚመጣውን አስቆመልኝ፤ ተራ አስከባሪዎቹና ሊስትሮ ልጆች ሮጠው ገቡ። በእጃቸው፣ በኮፍያቸው፣ በሹራባቸው ሰብስበው ከአንዱ ሱቅ ባመጡት ማዳበሪያ ውስጥ ሞሉልኝ። እንኩ ብላቸው አንዱ ተራ አስከባሪ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ተው ጋሼ፣ ለታመመው ይድረስለት። ማን ታሞብህ ነው?»

ግድ ብዬ ሰጠኋቸው። ያ ልጅ ግን የሰማው የራሱን ነው። እኔ ማዳበሪያዬን ተሸክሜ ብሎካችን ጋ ስደርስ ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀድሞኛል።

ቤት ስገባ ውኃ የለም። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ያን ቀን ተራችን አልነበረም፣ ሮቶውም ተሟጧል። አስፋልት ላይ የተንከባለለ ፍሬ ደግሞ ሳይታጠብ አይበላም። ጎረቤት ጄሪካን አበደሩን፤ አክስቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው እያንዳንዱን በሚወርድ ውኃ እያሹ አጠቡ። የተጎዳውን ከደህናው ለዩ። ሙዙ መንገድ ላይ ቢጫ ሆኖ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር፤ የበሰለ አፕል ኢትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ያለውን ፍሬ ያበስለዋል። አንድ የበሰበሰ አፕል ቅርጫት ሙሉ ያበላሻል የሚባለው በዚሁ ነው፤ በተጎዳው ፍሬ ላይ ጋዙ ይበዛል፣ ሻጋታውም ይዛመታል። ደህናውን በጋዜጣ ጠቅልለን ቀዝቃዛው በረንዳ ላይ ደረደርነው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ የመጡት ያኔ ነው። የሦስተኛው ፎቅ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ገቡ። ከደጁ ጀምረው «እግዚአብሔር ይማርዎ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት። ከዚያ የዕድሩ ጸሐፊ። አክስቴ እጃቸው እርጥብ ሆኖ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ጤነኛ ሆነው መሐል ቤት ቆመዋል።

«ማን ታመመ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ማዳበሪያ ሙሉ አፕል ገባ አይደል?»

አክስቴ መጀመሪያ ደማቸው ፈላ። በቁም እያሉ የሕመም ወሬ መነዛቱ አስከፋቸው። ቀጥሎ ግን የመጣው ሰው ፊት ላይ ያለውን ጭንቀት አዩ፤ ያ ጭንቀት ፍቅር መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ተቀመጡ» አሉ፣ «ቡና አፈላለሁ። ዛሬ ፍሬ የሚበላው በጤና ነው።» ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ በቆሎ ፈንዲሻው መሐል አፕሉ ከነልጣጩ በስሱ ተቆርጦ፣ እንዳይጠቁር ሎሚ ተነክቶ ቀረበ። ጥርስ ያላቸውም የሌላቸውም በሉ።

እዚያ ቡና ላይ የተነሳውን ጨዋታ ሁሉ መጻፍ ቢቻል ደስ ባለኝ። ልጣጩን መላጥ የጀመረች አንዲት ወጣት ነበረች፤ አክስቴ እጇን ያዙ። ልክ ነበሩ። 180 ግራም የሚመዝን መካከለኛ አፕል 95 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ከነልጣጩ ሲበላ ከ4 ግራም በላይ ፋይበር አለው፣ ሲላጥ ወደ 2 ግራም ይወርዳል። ከፋይበሩ አንዱ ፔክቲን ይባላል፤ አንጀት ውስጥ ረግቶ የስኳሩን አወሳሰድ ያዘገያል፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል በመቀነስም ይረዳል። ኬርሰቲን የሚባለው ጠቃሚ ንጥረ ነገርም በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ሌላዋ እናት ልጃቸው ዘሩን ዋጠ ብለው ደነገጡ። የአፕል ዘር ሲታኘክ ሳያናይድ የሚያወጣ አሚግዳሊን አለው፤ ሳይታኘክ የተዋጠ ጥቂት ዘር ግን እንደገባ ይወጣል። ብዙ ዘር መፍጨት ነው የሚከለከለው።

በማግሥቱ አንድ የጎረቤት ልጅ ለአክስቴ አዝኖ መጣ። የጁስ መፍጫውን ተሸክሞ፣ «እማማ፣ ጥርስዎን እንዳያደክሙ» ብሎ በርከት ያለ አፕል ፈጭቶ፣ አጥልሎ፣ ስኳር ጨምሮ ትልቅ ብርጭቆ ሞላላቸው። አክስቴ የሰው ልብ አይሰብሩም፤ ጠጡት። ማታ በቤት መለኪያው ሲለኩ ስኳራቸው ከወትሮው ዘሎ ተገኘ። ደንግጠን አመሸን፣ ውኃ ጠጡ፣ ኮሪደሩን ተመላለሱ፣ እየቆየ ወረደ።

የነርሷ ቃል የገባን ያኔ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ሰዎችን አንድ ጊዜ ሙሉ አፕል፣ አንድ ጊዜ የተፈጨ፣ አንድ ጊዜ ጭማቂ ሰጥቶ አነጻጽሮ ነበር። ጭማቂው ከሙሉው ፍሬ 11 ጊዜ ፈጥኖ አለቀ፤ ያጠገበው ግን አነሰ፣ ኢንሱሊናቸውንም ይበልጥ አስነሳው። ፍሬው ያው ነው፤ ማኘኩና ፋይበሩ ተወሰደበት። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አፕል መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። በየቀኑ አፕል የበላ ሐኪም አይፈልግም የሚለው የእንግሊዞች አባባል ራሱ ተፈትኗል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት በየቀኑ አፕል የሚበሉት ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው ከሌላው እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት መውሰዳቸው ግን በመጠኑ አነስ ብሎ ተገኝቷል። አክስቴ እንክብላቸውን አላቋረጡም፤ እንዳያቋርጡም እቆጣጠራለሁ። ያስደነቃቸው ሌላ ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ኬሚስቶች ከአፕል ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር አወጡ። ኩላሊት ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርግ ነበር። ዛሬ ለስኳር ከሚታዘዙት አዳዲስ እንክብሎች መሐል እነ ዳፓግሊፍሎዚን የተቀረጹት እሱን አብነት አድርገው ነው። «አየህ» አሉ አክስቴ፣ «ዛፉም ለካ ይህን በሽታ ያውቀዋል።»

የተጎዱትን ፍሬዎች ከነልጣጫቸው ቆራርጠው በጥቂት ውኃና በቀረፋ አበሰሏቸው፣ ስኳር ሳይነካው። ለጽጌ ጾም ቁርስ ሆነ፤ ጥርስ የሌላቸው የመጀመሪያው ፎቅ አዛውንትም ድርሻቸው ደረሳቸው። ልጆቹ ዘሩን በቆርቆሮ ጣሳ ተክለው ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን እንደማይመስል፣ የወደዱትን ፍሬ ለማግኘት ከሌላ ግንድ ጋር ማዳቀል እንደሚያስፈልግ፣ አብዛኛው ዝርያ ብቻውን ተተክሎ በወጉ እንደማያፈራና የአበባ ዱቄት የሚያቀብለው ጎረቤት ዛፍ እንደሚሻ ነገርኳቸው። የእኛ ሰፈር አፈር ክረምት ውኃ ቋጥሮ ሥሩን ያፍናል፤ ብርዱም አይበቃም። የአፕል ቦታው እንደ ጨንቻና ደብረ ብርሃን ያለው ደጋ ነው፤ የእኛ ድርሻ መብላት ነው። ልጆቹ አልተቃወሙም።

ከዚያ ሁሉ መንገላታት በኋላ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው። ከአላባ እስከ አራተኛ ፎቃችን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ደግ ነበር፤ ሁሉም ግን አፕልን ያየው ከአልጋ ጎን ነው። ለታመመ ሰው ፍሬ ይዞ መሄድ ያማረ ባህል ነው፤ አይቅር። ነገር ግን ፍሬ ጥቅሙ የሚበዛው ሰው ቆሞ ሲሄድ፣ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ፣ ጎልማሳ ደም ብዛትና ስኳር ሳይዘው በፊት ነው። አፕል ባይገኝ ኮክ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ያው የአርባ ምንጭ ሙዝ አለ። ሁሉም ቢሆን ተፈጭቶና ስኳር ተጨምሮበት ሳይሆን፣ እንዳለ ታኝኮ ቢበላ ነው። ጠቃጠቆ ያለበትን የአገር አፕል የሚገዛ ደግሞ ጤናውን ብቻ ሳይሆን ቅጠል በጣቱ የሚሸመጥጠውን ገበሬም ይደግፋል።

አክስቴ ከኔ ፈጠን ይላሉ። ጽጌ ሳይፈታ የብሎካችንን እናቶች ሰብስበው የፍሬ ማኅበር አቋቋሙ፤ በወር ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ከጨንቻ በቀጥታ ለማስመጣት ተስማሙ። የአዛውንቱ ስልክ ያለው እኔ ዘንድ ስለሆነ ትእዛዙን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን የዕድሩ ጸሐፊ ይይዛሉ። ቀጣዩ ጭነት በእንጨት ሳጥን ይታሸጋል፣ ከሙዝ ተለይቶ፣ ከጆንያ በላይ ይጫናል። ክፍፍሉም ተወስኗል፤ መጀመሪያ ለልጆች፣ ቀጥሎ ለእርጉዞችና ለአረጋውያን፣ ከዚያ ለሌላው ጤነኛ ሁሉ በየቤቱ እኩል ይደርሳል።